ቅሬው ያለ ሬሳ የወጣ ዕለት

መካነ ሰላም ላይ ልብስ ሰፊ ሞልቷል፤ ሱሪ ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ ግን ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹም አንዷ ሴት ናት። ኡምኩልሱም ትባላለች፤ ገበያተኛው ሲያቆላምጣት «ኡሙ» ይላታል። ቁመቷ አጭር፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇም የፈጠነ ነው። ምላሷን ፈርቶ ሌላ ዘንድ የሚሄድ ደንበኛ አይጠፋም፤ የሱሪው እግር ሲጣመምበት ታዲያ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። እሷም «ማን ነው እንዲህ የተበቀለህ?» ትልና ስፌቱን መተርተር ትጀምራለች።

በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ አውሎ ነፋስ ገበያውን ሲበላው፣ ያ ምላስ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ጨርቅ ተራ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ይህን የሚሉት ወዳጆቿ ብቻ አይደሉም፤ የተሰደቡትም ይሉታል።

ኡሙ የተወለደችው በወግዲ በኩል ነው። አባቷ ቁርዓን የሚያቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ እናቷ እማ ፋጢማ አንድ ልጃቸውን ይዘው መካነ ሰላም ገቡ። ኡሙ አደገች፣ ተዳረች፣ ጁማናን ወለደች። ባልየው ሁመራ ወርጄ ሰሊጥ አጭጄ ልምጣ ብሎ ሄደ፤ እነሆ እስከ ዛሬ እያጨደ ነው። እሷም መጠበቁ ሲሰለቻት ጁማናን በአንድ ዓመት ከአራት ወሯ ጡት አስጥላ፣ ለእናቷ ትታ፣ በዑምራ ስም ጂዳ ገባች።

አምስት ዓመት ቆየች። ስለዚያ ኑሮ ብዙ አታወራም። የሚጨቀጭቃት ሲበዛ «ደረጃ ነው የጠረግሁት፤ ደረጃ ምን ይወራል?» ትላለች። ስፌት የተማረችው እዚያ መሆኑን ግን አትደብቅም። የአሠሪዋ አሮጊት እናት ዓይናቸው ደክሞ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው እሷ ታስገባላቸው ነበር። ከክር ወደ ቁልፍ፣ ከቁልፍ ወደ መቀስ እያለች፣ በመጨረሻ የቤቱን ሰው ሁሉ የምታለብሰው እሷ ሆነች። ደሞዟ ግን የጠራጊ እንደሆነ ቀረ።

የተመለሰች ዕለት በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናዋን ከደሴ ገዝታ አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭና ነበር። ጁማና ስድስት ዓመት አልፏታል። ልጅቷ ከአያቷ ቀሚስ ጀርባ ተደብቃ ካየቻት በኋላ፣ ማታ ላይ እማ ፋጢማን ጠጋ ብላ «እማ፣ ይቺ ሴትዮ መቼ ነው የምትሄደው?» ብላ ጠየቀች። ኡሙ ሰማች። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ባይኗ አልዞረም፤ ማን ይሙት፣ በአምስቱ ዓመት እንኳ እንደዚያ አልከፋትም።

ልጅ ደግሞ በስጦታ አይገዛም። ጂዳ የተገዛውን አሻንጉሊት ጁማና ሳትከፍተው ወር ቆየ። «እትዬ» እያለች ነበር የምትጠራት፤ እንደ ማንኛዋም ጎረቤት። ዓመት አልፎ፣ በአረፋ ማለዳ፣ ኡሙ የሰፋችላትን ቀሚስ ስታለብሳት ነው ድንገት «እማዬ፣ አንገቱ ጠበበኝ» ያለቻት። ኡሙ ቀሚሱን አስፍታ ሰጠቻትና ጓሮ ዞራ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ልጅቷ ከእናቷ ጎን መተኛት ጀመረች።

ጨርቅ ተራ የሚሠራው እንደዚህ ነው። ገበያተኛው መጀመሪያ ጨርቅ ሻጩ ከማሉዲን ሱቅ ገብቶ ጨርቁን በሜትር ያስቆርጣል። ጨርቁን እንደያዘ ሁለት እርምጃ ሲራመድ ኡሙን ያገኛል። ቁልፍና ዚፕ ከሚቀጥለው ሱቅ ነው፤ የተሰፋውን ደሳለው በከሰል ካውያ ይተኩሰዋል። ሰውየው ያለ ልብስ ገብቶ ለብሶ ይወጣል ማለት ነው። በጀርባ ያለው የንግሥቴ በርበሬ መደብ ብቻ ነው ከጨርቅ ጋር የማይገናኘው፤ እሱም ሰፊዎቹን ቀኑን ሙሉ ያስነጥሳቸዋል። ጨርቅ ሻጩ ከሌለ ሰፊዋ ሥራ የላትም፤ ሰፊዋ ከሌለች ጨርቅ ሻጩም ዝንብ ሲያባርር ይውላል።

ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቆረ። ዝናብ ነው ተብሎ ማንም ልብ አላለውም። ቀጥሎ ውሾቹ ዝም አሉ፤ ነፋሱም እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እየተሽከረከረ፣ የሰውን ማሽላ እየነቀለ መጣ። ከማሉዲን ያ ሁሉ ውፍረቱ እያለ ከሱቁ ዘሎ ወጥቶ የኡሙን ክንድ ያዘና ጎትቶ የውሃ ቦይ ውስጥ ጣላት። እሷ ጭቃው ላይ ተደፍታ፣ ሚስማር ከእንጨት ሲነቀል ሰማች። ቀና ስትል የሱቋ ጣራ ከጭንቅላቷ በላይ እየተገላበጠ ወደ ተክልዬ ቤተ ክርስቲያን ማሳ ይሄዳል። «ያ ረሕማን» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም።

ቆሎ እስኪቆላ እንኳ አልቆየም። ከሠላሳ አንዱ ሱቅ አራት ቀረ። አላህ ሲያተርፍ አንድም ሰው አልሞተም፤ ደሳለው ብቻ ግራ እጁ ተሰበረ። የከማሉዲን የጨርቅ ጣቃ ባሕር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ዝናብ ይዘንብበታል። የኡሙ መኪና ብረት ነውና የትም አልሄደም፤ ጠረጴዛው ተሰንጥቆ በጎኑ ተኝቶ ነበር።

በማግሥቱ ከመንግሥት በኩል ሰዎች መጥተው የተጎጂውን ስም መዘገቡ። እርዳታ ይመጣል ተባለ። ይመጣል ግን መስከረም ይቀድመዋል፤ ጭንቁም እዚያ ላይ ነበር። የልብስ ሰፊ ዓመት የሚጀምረው በመስከረም ነው። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋው ያኔ ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከዩኒፎርሙ አያይዞ ረመዳን፣ ከረመዳን አያይዞ ዒድ ነው። መስከረምን የሳተ ሰፊ እስከ ፋሲካ ቀዳዳ ሲጥፍ ይከርማል።

የወሎ ሰው ደግሞ ደግ ነው፤ ደግነቱ አንዳንዴ ያናድዳል። ቤት ቢቃጠል፣ በሬ ገደል ቢገባ፣ ለቅሶ ይደርሳል። ጨርቅ ተራም ለቅሶ ተደረሰ። በፍርስራሹ መካከል ገለባ ተጎዝጉዞ፣ የእስላሙም የክርስቲያኑም ሽማግሌ ተቀምጦ «አላህ ይተካ፣ እግዜር ይተካ» ይላል። ንግሥቴ የራሷ መደብ ጠፍቶ እያለ ንፍሮ ቀቅላ መጣች። ሰዉ ይበላል፣ ከንፈር ይመጣል፣ ይመሻል፣ ይሄዳል፤ በማግሥቱም ተመልሶ ይቀመጣል። ከማሉዲን ንፍሮውን እየዘገነ፣ ኩታበር ወንድሜ ዘንድ ሄጄ እዚያው እነግዳለሁ፣ እዚህስ በቃኝ ሲል ተሰማ። ኡሙም ይህን ሰማች። ጨርቅ ሻጩ ሄደ ማለት ተራው ሄደ ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ ሙሐሲን እነ ኡሙ ቤት መጣ። ሙሐሲን ሰው ወደ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ ነው፤ ሰው ሲቸገር ሽታው የሚደርሰው ዓይነት። ጳጉሜ ሦስት ቀን የሚነሱ ሴቶች አሉ፣ አንዷ ቀርታለች፣ የፓስፖርትሽ ጊዜ አላለፈም፣ ቋንቋውን ታውቂያለሽ፣ ሁለት ዓመት ምን አላት አለ። እማ ፋጢማ አንገታቸውን ደፉ፤ የሳቸው አንገት መድፋት እሺ ማለት ነው። ምጣዷን የተነጠቀች ሴት ሌላ ምን ትላለች፤ ኡሙም እሺ አለች። ፓስፖርቷን ግን ኋላ እሰጥሃለሁ ብላ አላወጣችውም።

ጁማና ከመጋረጃው በስተጀርባ ነበረች። ትራሷን አንስታ አያቷ አልጋ ላይ ወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጠዋት ኡሙ ሻይ ስታቀርብላት «እሺ፣ እትዬ» አለች።

ኡሙ ያን ጠዋት ወደ ገበያ የወረደችው እሳት ጎርሳ ነው። ሰዉ እንደ ልማዱ ገለባው ላይ ተቀምጧል። ከፊት አያ ፈንታሁን አሉ፤ የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቅሬ ማለት ለሌላ አገር ሰው ዕድር እንደሚባለው ነው፤ ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ እያንዳንዱ ቤት ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፣ ያልወጣ ይቀጣል። ክርስቲያን ሲሞት እስላሙ ይቆፍራል፣ እስላም ሲሞት ክርስቲያኑ። አያ ፈንታሁን በዚህ ደንብ ቀልድ አያውቁም፤ የገዛ ልጃቸውን አርፍዶ ቀብር በመምጣቱ ያስቀጡ ሰው ናቸው። ንግሥቴ ንፍሮውን ለኡሙ ስትዘረጋላት፣ ኡሙ ሳትቀበል አልፋ ዳኛው ፊት ቆመች።

«አያ ፈንታሁን፣ ይሄ ለቅሶ ነው አይደለም?» አለች።

«ምን ጥያቄ አለው? ለቅሶ ነው እንጂ» አሉ።

«እንግዲያው ቅሬው የታለ? የንግሥቴን ባል ስትቀብሩ ዶማው ነበር፣ አካፋው ነበር። እኛን በንፍሮ ብቻ ልትሸኙን ነው? ለሞተ ሰው ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ፤ ለኛ ለቆምነው ለምሰሶ የሚሆን ብትቆፍሩልን ምን ይላችኋል?»

አያ ፈንታሁን ጺማቸውን እያሻሹ፣ ደንቡ ቅሬ ለሞት ብቻ ነው የሚወጣው እንደሚል አስረዱ። እኔ ዛሬ ለሱቅ ካወጣሁት ነገ አንዱ ለአጥሩ፣ ሌላው ለጎተራው ይጠራዋል አሉ። ልክ ናቸው፤ ያስቸገረውም ልክ መሆናቸው ነው። ኡሙም ድምፅዋ ወረደ።

«እኔ ልጄን ጥዬ ልሄድ ነው፣ አያ ፈንታሁን። ከማሉዲን ኩታበር ሊገባ ነው። እዚህ የተቀመጣችሁት የሞተ ነገር ፊት ነው፤ ብቻ ገና አልቀዘቀዘም።»

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። ዞራ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ሰውም በየተራ ተነሣ። ያን ቀን ለቅሶው በጊዜ ተበተነ።

በማግሥቱ ንጋት ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ከተማው በድንጋጤ ወጣ፤ ማን ሞተ፣ የማን ቤት ነው ይባባላል። አንዲት ሴት ከገጠር ድረስ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ደረቷን እየመታች መጥታ ማንን እንደምታለቅስ ስታጣ ንግሥቴን አቅፋ አለቀሰች። ንግሥቴም የመጣ ለቅሶ አይመለስም ብላ አብራ አለቀሰች። ለፋፊው ገበያው መካከል ቆሞ የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ቅሬው ግን በዳኛው ትእዛዝ መውጣቱን፣ ዶማና አካፋ ያልያዘ እንደ ቀሪ እንደሚቆጠር ተናገረ።

አያ ፈንታሁን የቅሬውን መዝገብ በጉልበታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው መላ አምጥተዋል፤ የሟች ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ «ጨርቅ ተራ» ብለው ጽፈዋል። ደንቡ አልተጣሰም፤ ሟቹ ብቻ ነው የተለየው። አንድ ክርክር ወዳድ ሽማግሌ ሟች እንዴት ይነሣል ቢሏቸው፣ ተስካሩ ሲደርስ እንነጋገራለን ብለው ስም መጥራት ቀጠሉ።

የቅሬ ጥሪ ዓይነተኛ ነገሩ ማንንም አለመልቀቁ ነው። ከማሉዲን ጓዙን አስሮ ወደ ኩታበር በሚወስደው የአጅባር አውቶቡስ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር፤ ስሙ ሲጠራ አለሁ ከማለት በቀር ምን ይበል? በቅሬ የተቀጣ ሰው ኩታበርም ሄዶ ስሙ ይከተለዋል። ኮቱን አውልቆ ዶማ ተቀበለ። በነሐሴ መሬቱ ለስልሷል፤ ሲቆፍር ቆይቶ ላቡን ሲጠርግ፣ ጉድጓዱ የገዛ ሱቁ የማዕዘን ምሰሶ የነበረበት ላይ ሆኖ አገኘው። አያ ፈንታሁን ሆን ብለው ነው እዚያ የመደቡት። ከማሉዲን ጉድጓዱን አየ፣ የታሰረ ጓዙን አየ፣ ከዚያም ምራቁን መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ አንድ ክንድ ጨምሮ ቆፈረ።

ቆርቆሮው ነበር የሚያሳስበው። ነፋሱ እስከ ማዶ ቀበሌ ድረስ በትኖታል፤ ማሳው ላይ የወደቀለት ገበሬም አላህ የላከልኝ ነው ብሎ ጎጆው ላይ የደፋው አለ። ሌባ ልንለው አንችልም፤ ሰማይ የጣለውን ሰው ቢያነሣ ምን ይባላል? ቤት ለቤት እየዞሩ መልስ ቢሉት ግን ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ ይክዳል። ለቅሶ ሲባል ነገሩ ሌላ ሆነ። ለቅሶ ባዶ እጅ አይመጣም፤ የመጣውንም ከየት አመጣኸው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሆነው ቆርቆሮ በትከሻቸው የተሸከሙ ሰዎች ከየአቅጣጫው መታየት ጀመሩ። አንዱ እንዲያውም የራሱን ደርቦ ያመጣ ይመስላል፤ ሚስማር ያልነካው ነበር። ኡሙ የእያንዳንዱን ጫፍ ይዛ እየተቀበለች «ጀዛከላህ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ያን ቀን የሰደበችው ሰው የለም።

ቅሬው ሰባት ቀን ወጣ። ጭቃ ምርግ በዚያ ዝናብ አይደርቅምና ግድግዳው ለጊዜው ቆርቆሮና ሸራ ሆነ። ደሳለው በአንድ እጁ ሚስማር ሲያቃና ዋለ። ኡሙ ገና ሳይነጋ ትወጣለች፣ ስትመለስ ጁማና አያቷ ጎን ተኝታለች። በልቧ ለሙሐሲን እምቢ ካለች ቆየች፤ እቤት ግን ለማንም አልተናገረችም። ነገሩ በዓይን የሚታይ፣ ሱቅ እየሠራ ያለ ሰው እንደማይሄድ ሕፃንም የሚያውቀው መስሏት ነበር። ሞኝነቷ እዚህ ላይ ነው፤ ትልቅ ሰው በሆዱ የወሰነውን ልጅ የሰማ ይመስለዋል።

ጳጉሜ ሁለት ቀን ተራው ተከፈተ። ጨርቁ ዝናብ የነካው ስለነበር ከማሉዲን በርካሽ ሸጠው፤ ሰው እርስ በርሱ ተጋፋ። በማግሥቱ ሙሐሲን መኪና ገበያው ዳር አስቁሞ መጣ። ኡሙ እግሯን ከመኪናዋ መርገጫ ሳታነሣ፣ ሰው ሳታስከፋ፣ አልሄድም አለችው። እድሉ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፣ ሌላ ነፋስ ቢመጣስ አላት። «ቢመጣ ቅሬ አለኝ» አለችው። ሙሐሲን ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ፤ የቀሩትን ሴቶች የጫነችው መኪናም ጭቃ እየረጨች ወደ ደሴ ጠፋች።

ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ልጅ ከሱቁ እስከ ደሳለው ካውያ ተሰለፈ። ኡሙ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ትለካለች፣ ስም ትጽፋለች፣ የሚቀጥለው ትላለች። ከልጆቹ አንዷ ወረፋዋን ጠብቃ ስትደርስ ኡሙ ቀና ብላ አየቻት፤ ጁማና ነበረች። ከማሉዲን የቆረጠላትን ሰማያዊ ጨርቅ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። እንደ ባዕድ ልጅ ተሰልፋ መምጣቷ ለኡሙ ሳቅም እንባም አመጣባት፤ ዝቅ ብላ ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ለካቻት።

«ረዘም አድርጊው» አለች ጁማና።

«ያደናቅፍሻል እኮ። ለምንሽ ነው?»

«እስክትመለሺ እንዳያጥረኝ ነው። ሁለት ዓመት ነው ብሏል አይደል?»

ከኋላ ያሉት ልጆች ይገፋፋሉ፤ እሷ ግን ምንም አልሰማችም። ልጅቷ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማንም ሳትናገር፣ ያለ እናት የምታሳልፈውን ሁለት ዓመት ስታሰላ ከርማ፣ ቢያንስ ቀሚሱ እንዳያጥርባት መላ አበጅታ መምጣቷ ነው። ኡሙ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ፊቷን ከልጅቷ ፊት ጋር አስተካከለች።

«የትም አልሄድም» አለች። «በልክሽ ነው የምሰፋልሽ። ሲያጥርሽ ሌላ እሰፋልሻለሁ።»

ጁማና ትንሽ አሰበች። «ለሦስተኛ ክፍልም?»

«ለሦስተኛም። ለአራተኛም።»

ልጅቷ ጨርቁን ሰጠቻት። ኡሙ ከጉልበቷ በታች ሁለት ጣት ብቻ አስተርፋ ምልክት አደረገችና እዚያው፣ በልጅቷ ፊት፣ በመቀስ ቆረጠችው።